መርዶ በትንሽ መኪና

አሶሳ የክልል መቀመጫ በሆነች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመንግሥት ሠራተኛ ክብር የሚለካው በሚሳፈርበት መኪና ቁመት ነበር። ይህን የምለው ለመቀለድ አይደለም። ሁሉ ነገር አዲስ ነው፤ ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ እኛም ለእርስ በርሳችን አዲስ ነን። ከወለጋ የመጣው ከጎጃም የመጣችውን አያውቃትም፣ የአገሩ ሰው ደግሞ ሁለታችንንም አያውቀንም። የማን ማዕረግ ከማን እንደሚበልጥ ፊት ላይ ስለማይነበብ ዓይን ሁሉ የሚያርፈው መኪና ላይ ነው። ከትልቅ መኪና የወረደ ሰው ወንበር ይሳብለታል፤ በእግሩ የመጣ ጉዳዩን በር ላይ ቆሞ ይናገራል።

ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ለብዙ ዓመት ሳስተምር ቆይቼ፣ ለአዲሱ ክልል ባለሙያ ይፈለጋል ሲባል ተመዝግቤ መጣሁ። የመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ክፍል ኃላፊ ተባልኩ። ኃላፊ ይባል እንጂ ክፍሉ ያለው ሁለት ሰው ነው፤ እኔና በኋላ የማነሳው ባልደረባዬ። መንዳት ያስተማረኝ መካኒኩ ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ ሴት ልጅ መኪና መንዳት ብቻ ሳይሆን የመኪናዋን ሆድ ከፍታ ማየት አለባት ባይ ነበርና፣ ከማርሽ በፊት ያስተማረኝ ጎማ መፍታት ነው። አሶሳ ስገባ መሪ የያዘች ሌላ ሴት አላየሁም። ይህም ኩራት ኩራት እንዲለኝ አድርጎኛል፤ አልክድም።

አንድ ቀን ለቢሮዎቹ የተመደቡ መኪኖች ከአዲስ አበባ መጡ። አምስቱ ረጃጅም፣ ሰፋፊ፣ ጎማቸው እስከ ወገብ የሚደርስ ነው። ስድስተኛዋ ትንሽ ነጭ አውቶሞቢል ናት። ከአምስቱ መካከል ቆማ ሳያት ከበሬዎች መሐል የገባች ጥጃ መሰለችኝ። ማን ይሆን ይቺን የሚወስዳት ብዬ ከሌሎቹ ጋር ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ የትምህርት ቢሯችን ምክትል ኃላፊ ቁልፏን መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«ለአንቺ ይቺ ትበቃሻለች» አለኝ። «ለሴት ቀላል ናት፤ ነዳጅም አታበዛም። ሥራሽም ከተማ ውስጥ ነው።»

«ሥራዬ ትምህርት ቤቶች ናቸው እንጂ ከተማ አይደለም» አልኩት። «ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ በኩርሙክ መንገድ ላይ ናቸው።»

«ገጠር ስትወጪ ንገሪኝ፤ ትልቅ መኪና እናውስሻለን።»

ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። አንዴ ስብሰባ አለ አለኝ፣ አንዴ ደግሞ ከሰው ፊት «አንቺ ሴትዮ፣ ያችን መኪና እንደ ምንም አርገሽ አስለምጃት እንጂ» ብሎ አሳቀብኝ። ሦስተኛ ላልጠይቀው ማልኩ። እልኸኛ ነኝ፤ እናቴም «ይቺ ልጅ ውሃ ቢጠማት ከጠላት ጉድጓድ አትቀዳም» ትለኝ ነበር። እሷ ይህን ስትል እየኮራችብኝ ይሁን እያዘነችልኝ አላውቅም።

መኪናዋን ጠላኋት። ለወንድሜ ትልቅ መኪና ሊሰጡኝ ነው ብዬ አስቀድሜ ጽፌለት ስለነበር፣ አፌን በቆረጠው አልኩ። መቀመጫዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቴ መሪውን ይነካል። የጭነት መኪና ሲያልፈኝ በመስኮቴ ትይዩ የማየው የጎማውን ቡሎን ነው። አቧራው ሁሉ የእኔ ነው። የትምህርት ቤት ዘበኛ ከፍ ያለ መኪና ሲያይ በሩን ከሩቅ ይከፍታል፤ እኔን ግን ወርጄ እስካንኳኳ ይጠብቀኛል። ከፍቶም ቢሆን ከኋላዬ ሌላ ሰው የሚመጣ መስሎት ወደ መንገዱ ያያል።

ባልደረባዬ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ የኩርሙክ መንገድ ልጅ፣ የገጠር አስተማሪ የነበረ። ሥራችን ለአንደኛ ክፍል ልጆች በእነሱ ቋንቋ የመጀመሪያውን የፊደል መጽሐፍ ማዘጋጀት ነው። እሱ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ አብረን እንጽፋለን። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነውና «አንተ» እና «አንቺ» እንደ ልብ አይለዩለትም ነበር። ሲረጋጋ «አንቺ» ይለኛል፣ ሲደሰት ወይም ሲከፋው ግን «አንተ» እሆናለሁ። መጀመሪያ አርመው ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ወደድኩት። ቤቴ ድረስ የሚመጣ፣ ስታመም ሚስቱን ገንፎ አሲዞ የሚልክ ሰው ነው። በዚያ አገር ወንድም የምለው እሱን ብቻ ነበር።

መኪናዋ የመጣች ዕለት የቢሮው ሰው «የቤት መኪና ደረሳት» እያለ ሲያሾፍብኝ ባልደረባዬ ሰምቶ፣ ነገሩ ሳይገባው ጠየቀኝ።

«የቤት መኪና ነው ይላሉ። ታዲያ ለምን ከቤት ይወጣል?»

እንዲያ ነው የሚባለው፣ የጭነት ወይም የሕዝብ ያልሆነ ማለት ነው ብዬ ባስረዳው፣ ዞር ብሎ የኩርሙክን አቅጣጫ ተመለከተ። «እዚያ መንገድ ላይ ግን እውነት ነው፤ ቤት ቢቀመጥ ይሻለዋል» አለ። እሱ እንኳ ሲያሾፍብኝ አልተቀየምኩም።

ወደ ሱዳን ድንበር የሚወስደውን የኩርሙክን መንገድ የሠራው ጎማ ነው ማለት ይቻላል። የጭነት መኪኖች በክረምት ጭቃው ላይ ሁለት ጥልቅ ቦይ ይቆፍራሉ፤ በበጋ ቦዩ ደርቆ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፣ በመሐሉም ጉብታ ይቀራል። ትልቅ መኪና ሁለት እግሩን በሁለቱ ቦይ ከትቶ ይሄዳል። የእኔዋ ጠባብ ናት። አንድ እግሯን ቦዩ ውስጥ ካስገባሁ ሌላው ጉብታው ላይ ወጥቶ እንደ አንካሳ ትሄዳለች፤ ከመንገዱ ወጥቼ ልሂድ ብል ደግሞ ጉቶና የቀርከሃ ሥር አለ። ከከተማው ወጥቼ ብዙ ሳልርቅ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ።

ጥር ውስጥ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛው፣ እንደ እኔው ከደጋ የመጣ ሰው፣ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከባልደረባዬ አገር ወረዳ የመጣ መልእክት የጻፈበትን ወረቀት ሰጠኝ። የመምህሩ አባት ሌሊት ስላረፉ፣ ቀብራቸውም ዛሬ ስለሆነ በአስቸኳይ ይላክ ይላል።

«ጓደኛው ነሽ» አለኝ። «እንደሚሆን አድርገሽ ንገሪው።»

እንደሚሆን አድርጎ መንገር ምን ማለት እንደሆነ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። በእኛ አገር መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ ሰው በባዶ ሆዱ፣ ከዘመዱ ርቆ፣ ሥራ ላይ እንዳለ «ሞቱብህ» አይባልም። ታመዋል ይባላል። ደክመዋል ይባላል። ቤቱ ሲደርስ፣ የሚደግፈው ሰው ሲኖር፣ ያኔ ይረዳል። እናቴ ስታርፍ እኔም እንደዚያው ነው የተደረግሁት። ሌላ ከተማ አስተምር ነበር፤ «እናትሽን ትንሽ አሟታል» ብለው አውቶቡስ ላይ አሳፈሩኝ። ለበሽተኛ ብዬ ብርቱካን ገዝቼ ቀኑን ሙሉ ጭኔ ላይ ይዤ ሄድኩ። የእሷን ፊት የማየው መስሎኝ በመስኮት አገር እያየሁ የሄድኩበት ያ ቀን፣ እስከዚያች ጠዋት ድረስ እንደ ስጦታ ነበር የምቆጥረው። ቀብሩም እኔን ጠብቆ በማግሥቱ ሆነ። እንግዲህ እኔ የማውቀው ይህን ነው። እኔ የተደረገልኝን ደግነት ለእሱም ላድርግለት አልኩ።

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እሱ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ የመጽሐፉን ረቂቅ ያርማል።

«አባትህን አሟቸዋል የሚል መልእክት መጥቷል» አልኩት። «ተነሣ፣ እንሂድና እንያቸው።»

«በጣም ነው?»

«ደክመዋል ነው ያሉት።»

ፈገግ አለ። «ይሄ ሽማግሌ ብርድ ሲመጣ ይታመማል። ሁልጊዜ ነው። ደግሞ ይነሣል፣ ማሽላ ያያል፣ ሰው ይቆጣል።» እርሳሱን ረቂቁ መሐል አስቀምጦ ገጹን ምልክት አደረገ። «ሥራ ጨርሰን ማታ በጭነት መኪና ብሄድስ?»

«አሁኑኑ እኔ እወስድሃለሁ።»

«በትንሿ?» አለና ሳቀ። «አንተ ደግ ሰው ነህ።»

ከግቢው ስንወጣ የምክትል ኃላፊው ትልቅ መኪና ማንጎው ሥር ቆሟል። ሾፌሩ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ሄጄ ሞት ነው ብል ማንም አይከለክለኝም ነበር። ግን ሞት ነው ካልኩ ወሬው በደቂቃ ግቢውን አዳርሶ ባልደረባዬ ጆሮ ይገባል። አንዱ ምክንያቴ ይህ ነው። ሁለተኛው ምክንያቴ ግን መሐላዬ ነው። ያንን ሰውዬ ዳግመኛ ላልለምነው ምያለሁና፣ ማርሽ አስገብቼ አለፍኩ።

ገበያው ጋ ስንደርስ ቁም አለኝ። ባዶ እጄን በሽተኛ አልጠይቅም ብሎ ወረደ። ስኳር ገዛ፣ ሻይ ቅጠል ገዛ፣ ሳሙና ገዛ። ሎሚ ሲመርጥ አንድ በአንድ እያሸተተ፣ ቆዳው የሳሳውን እየለየ ነው። ሎሚ ሻጯን በዓረብኛ ያሾፍባታል፣ እሷም ትመልስለታለች። እኔ መሪውን ይዤ ተቀምጬ ፀሐይዋን አያለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ወርጄ እጁን ይዤ ጎትቼ ላመጣው ስችል አልወረድኩም። እኔም ብርቱካኔን እንዲሁ መርጬ ነበር፤ ይምረጥ አልኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር ከከተማው ስንወጣ።

በመንገዳችን ላይ ያለችው ሆሞሻ ሳንደርስ ከኋላችን ጥሩንባ ሰማሁ። እኛ በአንድ ጎን ተንጋደን እየተንፏቀቅን ነው። ጨው የጫነ የጭነት መኪና ነው፤ ወደ ድንበሩ ይሄዳል። አጠገባችን ሲደርስ ቆመ። ሾፌሩ ባልደረባዬን ያውቀዋል፤ ሰላም አለይኩም ተባባሉ። ወዴት ነው ሲለው አባቴን ልጠይቅ ነው አለው።

«ና ውጣ» አለው ሾፌሩ ከላይ ሆኖ። «እኔ ለቀትሩ፣ ለዙህር ሰላት እዚያው እናንተ መንደር ነኝ። በዚህች ግን እስከ ነገም አትደርሱም።»

ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞሮ ዓይኔን አየ። ያ አስተያየት ከእኔ አንድ ቃል ይጠብቅ ነበር። ሂድ ብለው ኖሮ ይወጣ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበርም። ግን ብቻውን ደርሶ፣ ከመኪና ሲወርድ ጩኸት ከሚቀበለው አጠገቡ ልሁን አልኩ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ሾፌሩ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ «በዚህች» ሲል አንጀቴ አረረ።

«እናደርሰዋለን» አልኩት ሾፌሩን።

«እህቴን መንገድ ላይ ጥዬ አልሄድም» አለ ባልደረባዬም። «በሽተኛ ነው፤ ይጠብቃል።»

የጭነት መኪናው ሄደ። አቧራው እስኪወርድ መስኮታችንን ዘግተን ተቀመጥን። አራት ሰዓት አልፎ ነበር።

ከሆሞሻ በኋላ የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም። ሁለት ጊዜ ሆዷ ጉብታው ላይ ተኛ፣ ጎማዎቿ ባዶ ዞሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ እሱ ወርዶ በዶማ ቆፈረ። ሦስተኛው ላይ ድንጋይ ካርተሯን መታው። ሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋት ነው። ወርጄ ብተኛ ዘይቱ እንደ ማር ክር እየወረደ ነው። ወንድሜ እንዳስተማረኝ ሳሙና በውሃ አሽቼ፣ ከጨርቅ ክር ጋር ለውሼ ስንጥቁን ደፈንኩት። ለአባቱ የገዛው ሳሙና ነው። ይደርቅ ዘንድ ስንጠብቅ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሎሚ ቆርጦ ሰጠኝ። እሱ ልጅ ሳለ አባቱ ወርቅ ሊያጥብ ሲወጣ ወደ ወንዝ ይዞት ይሄድ እንደነበር፣ አንድ ቀን አሸዋ ውስጥ ያገኘውን ትንሽ የወርቅ ፍሬ ለእሱ አሳይቶ ተመልሶ እንደወረወረው ነገረኝ። ለምን ወረወረው ብለው፣ «ነገ አንተ እንድታገኘው ነው አለኝ» አለና ሳቀ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አስብ ነበር። ያኔ እንኳ ብነግረው ምን ይጠቅም ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ ሰዓቱ ሰባት ነበርና።

መንደሩ የደረስነው ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ወንዶቹ ማንጎው ሥር ሰሌን ዘርግተው በዝምታ ተቀምጠዋል። ጩኸት የለም። እኔ ስጠብቀው የነበረው ጩኸት አለመኖሩ ለአፍታ ደስ አለኝ፤ ምናልባት ተሳስተው ይሆናል አልኩ።

«ለምንድነው ሰው የበዛው?» አለ እሱ።

የስኳሩን ከረጢት ይዞ ወረደ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መጡ፤ የአባቱ ወንድም ናቸው። በቋንቋቸው ነገሩት። ቃሉን አላወቅሁም፤ ግን አላዞሩም፣ አላለሳለሱም። ትከሻውን ይዘው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገሩት። በእነሱ ዘንድ እንዲህ ነው የሚነገረው። የሞተ ሰው አይጠብቅምና፣ የሚሰማ ቶሎ ይስማ ነው። ከዙህር ሰላት በኋላ ቀብረውታል። ጨው የጫነው መኪና ሾፌር ሳይቀር ሰግዶ፣ አፈር አልብሶ ነው የሄደው። መቃብር ውስጥ ወርዶ አስከሬኑን መቀበል የበኩር ልጅ ድርሻ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። በእሱ ምትክ የጎረቤት ሰው ወርዶ ነበር።

ወደ መቃብሩ ሄዶ ቆየ። ሲመለስ እኔ መኪናዋ አጠገብ እንደቆምኩ ነኝ። ዓይኑ ደርቋል።

«ሌሊት ነው የሞተው» አለኝ። «እነሱ ሞተ ብለው ነው የላኩት። ለአንተ ታሟል ብሎ የነገረህ ሰው ማን ነው?»

ያኔ ማለት የነበረብኝ አንድ ቃል ነው። «ሬዲዮው በደንብ አይሰማም ነበር» አልኩት። አስከትዬም «መኪናዋም ትንሽ ሆነችብን» አልኩ።

ወደ መኪናዋ ዞሮ አያት። ሆዷ አቧራና ዘይት ሆኗል። «አዎ» አለ። «ትንሽ ነው። አንተ ግን የምትችለውን አደረግህ።» እጄን በሁለት እጁ ያዘ። እንዲያ አመስግኖኝ ለቅሶ ከተቀመጡት ሰዎች መሐል ገብቶ ተቀመጠ።

አሶሳ ከተመለስን በኋላ ወሬው ተሰማ። ሰው ሁሉ ያለው አንድ ነገር ነው፤ በዚያች መኪና ምክንያት ሰውየው አባቱን ሳይቀብር ቀረ። ምክትል ኃላፊው አስጠርቶኝ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። «ይህ ነገር ከእኔ አይወርድም» አለኝ። የትልቁን መኪና ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ እኔ ገፋው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው ብዬ በሆዴ ሰደብኩት። የሬዲዮ ሠራተኛው ብቻ እውነቱን ያውቃል፤ እሱም ደግ ነገር የሠራን መስሎት ዝም አለ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ቁልፉን አነሣሁ።

ሰው የማይወደውን የራሱን ነገር መናገር ካለበት፣ ይህን እናገራለሁ፤ መኪናውን ወደድኩት። ከፍ ብዬ ስቀመጥ አገሩ ሌላ አገር ሆነብኝ። ከቀርከሃው በላይ ኮረብታው ይታያል። ዘበኞች ከሩቅ በር ከፈቱልኝ፣ ወንበር ተሳበልኝ፣ ስብሰባ ላይ ስናገር መዝገብ ያዡ ቀና ብሎ ጻፈ። ለወንድሜም ጻፍኩለት። ትልቁን ሰጡኝ አልኩት፤ በምን ምክንያት እንደሰጡኝ አልጻፍኩም። ማታ ማታ ግን ባልደረባዬ እጄን በሁለት እጁ የያዘበት ነገር እየመጣ እንቅልፍ ይነሣኝ ጀመር። ብርቱካኑን ጭኔ ላይ ይዤ የሄድኩበትን ቀን ማስታወስ የማልወደው ሆነ።

መጽሐፉ ታትሞ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የመጀመሪያዎቹን ካርቶኖች እሱ ለተማረበት፣ መንደሩ አጠገብ ላለው ትምህርት ቤት እናድርስ ብሎ ለመነኝ። ሁለታችን ብቻ ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቦዩም ውሃ ሞልቷል፤ ትልቁ መኪና ግን ሁለት እግሩን ከትቶ እየጎረበጠው ሄደ። የትንሿን መኪና ካርተር ድንጋይ የመታበት ቦታ ደርሰን ማለፋችንን ያወቅሁት ካለፍን በኋላ ነው። እሱ አውቆት ነበር።

«እዚህ ነበር» አለ። አንዱን መጽሐፍ ከካርቶን አውጥቶ ጭኑ ላይ ይዞታል። «ያን ቀን ይሄ መኪና ቢኖር አባቴን ፊቱን አይ ነበር። ሁልጊዜ ይሄን አስባለሁ።»

መኪናውን አቆምኩት። ሞተሩን አጠፋሁ። እንዴት ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም፤ መልእክቱን እንዳነበብኩት፣ ሞተዋል እንደሚል፣ ቀብሩም ዛሬ ነው እንደሚል፣ በእኛ አገር እንዲህ እንደማይነገር፣ እናቴ ስታርፍም እኔን እንዲሁ እንዳደረጉኝ፣ ያ መልካም መስሎኝ እንደነበር ነገርኩት። ይቅር በለኝ አልኩት። እያለቀስኩ ነበር። እሱ አላለቀሰም። መጽሐፉን ካርቶኑ ውስጥ መለሰና ክዳኑን እጥፍ አድርጎ ዘጋው።

«መልእክቱ ስንት ሰዓት መጣ?» አለኝ።

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

አሰበ። በጣቱ ጉልበቱ ላይ እየቆጠረ መሆኑን አየሁ። ቢሮው፣ ገበያው፣ ሎሚው።

«ጨው የጫነው መኪና አራት ሰዓት ነው ያለፈን» አለ።

«አራት ሰዓት አልፎ ነበር።»

«ቆሞልን ነበር።»

«አዎ። ቆሞልን ነበር።»

ሞተሩን አስነሥቼ ነዳሁ። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ዘበኛው ከሩቅ በሩን ከፈተ። ባልደረባዬ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ አወረደ፤ ላግዘው ስል በትከሻው ሸሸኝ። ርዕሰ መምህሩን ሰላም አለ፣ ልጆቹን ሰላም አለ። ከዚያ መንገዱ ዳር ሄዶ ቆመ። ከድንበሩ የሚመለስ የጭነት መኪና ሲመጣ እጁን ዘረጋ።

«አብረን እንሄዳለን እንጂ» አልኩት።

«አንቺ ሂጂ» አለኝ፤ አንድም ፊደል ሳይሳሳት።

ከላይ ጭነቱ ላይ ወጥቶ፣ ሸራውን ይዞ ተቀመጠ። መኪናው እስኪርቅ ቆሜ አየሁት። ወደ እኔ አልዞረም። ከዚያ በትልቁ መኪና ብቻዬን ወደ አሶሳ ተመለስኩ።